በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚበላው ብረት፦ ስለ አንድ የውስጥ አኖድ መለወጫ ስብስብ

ባለፈው መጋቢት ለጀልባዬ ሞተር የሚሆን የውስጥ አኖድ መለወጫ ስብስብ በኢንተርኔት ገዝቼ በራሴ እጅ ገጠምሁ። ከዚያ በኋላ ወቅቱን ሙሉ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ስነዳ ቆይቼ፣ ኅዳር ላይ ጀልባውን ለብርዱ ወራት ሳስቀምጥ የአኖዶቹን ሽፋኖች መልሼ ፈትቼ አየሁ። ይህን ግምገማ ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ አኖድ ማለት ራሱ እየተበላ ሌላውን እንዲያተርፍ የሚገዛ ብረት ስለሆነ፣ ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ስለ ማማሩ መጻፍ ሳይለኩሱት ስለ ሻማ ብርሃን እንደ መመስከር ይሆናል። ፍርዴን በአጭሩ ላስቀድም፦ ብረቱ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ አብሮት የመጣው የጎማ ማሸጊያ ግን ከሞተር አጠገብ ሊደርስ የማይገባው ነበር።

ሞተሩ ከጀልባው ጀርባ የሚንጠለጠል፣ ባለ 4 ምት፣ ባለ 4 ሲሊንደርና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። የተመረተው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን እኔ ከሁለተኛ እጅ ከገዛሁት 3 ዓመት ሆኖታል። የቀድሞው ባለቤት የዘይት ለውጡን፣ የካንዴላውንና የውሃ ፓምፑን ደረሰኝ በሥርዓት አስቀምጦ አስረክቦኛል፤ ስለ ውስጥ አኖዶች ግን አንድም ወረቀት አልነበረም፤ መኖራቸውንም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። በአናፖሊስ አጠገብ፣ ሳንዲ ፖይንት በሚገኘው የጀልባ ማውረጃ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ በጥገና ሥራ የኖሩ አንድ ወዳጄ ሞተሬን ዞረው ካዩ በኋላ «የሆዱን ዚንክ መቼ ነው የለወጥኸው?» ብለው ጠየቁኝ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን የውጭውን አኖድ ባሳያቸው ጊዜ «እሱንማ እኔም አየሁት፤ የሆዱን ነው የምልህ» አሉኝ። እኔ ዝም አልሁ፤ ጋሼም ነገሩ ገባቸውና ከዚያ በላይ አላሳፈሩኝም።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርስ በርስ ተነካክተው በጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ባትሪ ይሆናሉ፤ ከሁለቱ ኤሌክትሮን ለመስጠት የሚፈጥነው ይበላል፣ ሌላው ይድናል። የጀልባ ሞተር አካል አሉሚኒየም ነው፤ በዚያ አካል ላይ የማይዝግ ብረት ብሎኖችና ሌሎች ከአሉሚኒየም የረጉ፣ ማለትም ለመበላት የሚዘገዩ፣ ብረቶች ተሰክተውበታል፤ ስለዚህ ማንም ጣልቃ ካልገባ የሚበላው ሞተሩ ራሱ ይሆናል። አኖድ የሚባለው ከአሉሚኒየሙም ይልቅ ለመበላት የሚፈጥን፣ ሆን ተብሎ ለዚሁ የተሰዋ ቁራጭ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1824 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ የባሕር ኃይሉን መርከቦች የመዳብ ልባስ በብረትና በዚንክ ቁራጭ እንዲጠበቅ አድርጎ ነበር። መዳቡ በእርግጥ ዳነ፤ ነገር ግን መሟሟቱን ሲያቆም መርዙም ስለ ቀረ፣ ቀድሞ ይርቁ የነበሩ ቅርፊታም የባሕር ፍጥረታት በመርከቦቹ ላይ ተለጥፈው ፍጥነታቸውን ቀነሱት፤ ዴቪም ከምስጋናው ይልቅ ወቀሳው በረታበት።

የውስጡ ከውጭው የሚለየው በዚህ ነው፦ በጀልባ ሞተር ውስጥ እንደ መኪናው ራዲያተር የሚባል ነገር የለም። ፓምፑ የባሕሩን ውሃ ራሱን ከታች ስቦ በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል)፣ በቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ክዳን) እና በጭስ መውጫው ዙሪያ ባሉት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሳልፈዋል፤ ሞተሩን አቀዝቅዞም ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ጨው፣ ሙቀትና አሉሚኒየም በአንድ ጠባብ ቦታ ይገናኛሉ ማለት ነው። ከውጭ የተንጠለጠለው አኖድ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ መከላከያው የሚሄደው በውሃው ውስጥ በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሆነ፣ ቀጭንና ጠመዝማዛ በሆነ መንገድ ውስጥ ገና ሳይገባ ይደክማል። በዚያ ላይ ብዙዎቻችን ሥራ ስንጨርስ ሞተሩን ከውሃ ስለምናነሳው የውጭው አኖድ ያን ጊዜ ምንም አይሠራም፤ በውስጥ ግን እርጥበቱና ጨው ይቆያሉ። ስለዚህ አምራቾች ትንንሽ አኖዶችን በየመተላለፊያው ውስጥ፣ በትንንሽ ሽፋኖች ሥር ያስቀምጣሉ። የእኔው ሞተር 5 አለው፦ 1 የሞተሩን ሙቀት በሚቆጣጠረው በቴርሞስታቱ ሽፋን ሥር፣ 2 በቴስታታው ላይ፣ 2 ደግሞ በብሎኩ ጎን። የሞተሩ መመሪያ በየ500 ሰዓቱ ወይም በየ5 ዓመቱ፣ የቀደመው ሲደርስ፣ እንዲለወጡ ያዛል። የእኔው ሞተር 12 ዓመትና ከ900 በላይ ሰዓት ሲሠራ የማንም እጅ ያልደረሰበት ነበር።

ከመግዛቴ በፊት አንድ የጥገና ቤት ጠይቄ ነበር። ለሥራው ብቻ 600 ዶላር ያህል ጠየቁኝ፤ ባለሙያውም አክሎ «ካልተነኩ አይንኳቸው፤ ብሎኖቹ ይሰበራሉ፣ ነገሩ ይባባሳል» ብሎ መከረኝ። ስለ ብሎኖቹ የተናገረው እውነት መሆኑን በኋላ አይቼዋለሁ፤ ምክሩን ግን አልተቀበልሁትም። አኖዱ ካለቀ በኋላ የሚበላው ብሎኩና ቴስታታው ነው፤ በውሃ መተላለፊያውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ግድግዳ ቀጥኖ አንድ ቀን ከተበሳ፣ የሞተሩን የላይኛውን አካል መለወጥ በብዙ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ወጪ ነው። ዛሬ ብሎን እንዳይሰበር ብሎ መተው ብሎኑ ከዓመት በኋላ ይበልጥ እንዲሰበር መፍቀድ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ወደ ተገዛው ዕቃ ልግባ። ሻጩ የአምራቹ ወኪል ሳይሆን ለብዙ ዓይነት ሞተሮች ተመሳሳይ ክፍሎችን የሚያቀርብ ድርጅት ነው። ስብስቡ 62 ዶላር ነበር፤ ከአምራቹ የሚመጣው ተመሳሳይ ስብስብ በዚያው ሰሞን 128 ዶላር ተጠይቆበታል። በካርቶኑ ውስጥ 5 አኖዶች፣ 5 የጎማ ማሸጊያዎች፣ አኖዱን ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዙ 5 ትንንሽ ብሎኖች፣ ሽፋኖቹን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩ 10 የማይዝግ ብረት ብሎኖች ነበሩ። ሽፋኖቹ ራሳቸው አልነበሩም፤ ይህ በማስታወቂያው ላይ ስለ ተገለጸ አልከሰውም፤ ሆኖም ሽፋኖቹ በብዙ ሞተሮች ላይ አብረው የሚበሉ ስለሆኑ፣ ከማዘዝዎ በፊት የእርስዎን አንዱን ፈትተው ቢያዩ ይሻላል። መመሪያ ተብሎ የሚጠራ ወረቀት አልመጣም፤ ይልቁንም ስለ ዋስትና የሚናገር አንድ ቅጠል በ4 ቋንቋ ተጽፎ ነበረ።

ማስታወቂያው «የአሉሚኒየም አኖድ፣ በአሜሪካ ጦር መስፈርት ሚል 24779 መሠረት» ይላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንዲያው ተራ አሉሚኒየም ቆርጦ አኖድ ነው ብሎ መሸጥ ይቻላል፤ ተራ አሉሚኒየም ግን ራሱን በኦክሳይድ ሽፋን ስለሚሸፍን ለማንም አይሰዋም። ለአኖድ የሚሆነው አሉሚኒየም ከ4 እስከ 6.5 በመቶ ዚንክና ወደ 0.02 በመቶ ኢንዲየም የተቀላቀለበት ነው፤ ያ እጅግ ጥቂት የሆነ ኢንዲየም ነው ሽፋኑን እያፈረሰ ብረቱ ያለማቋረጥ እንዲበላ የሚያደርገው። ዓይን ይህን አይለይም፤ ስለዚህ በወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ትንንሽ ፈተናዎች አደረግሁ፤ ባለቤቴ ሚዛኗን ስወስድባት ምን እንደምጋግር ጠይቃኝ ነበር።

አንደኛው ክብደትን ከይዘት ጋር ማነጻጸር ነው። 5ቱ አኖዶች አንድ ላይ 105 ግራም መዘኑ፤ በመለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሲነከሩም ውሃውን በ38 ሚሊሊትር ከፍ አደረጉት። ይህ በአንድ ሚሊሊትር 2.76 ግራም ያህል ይሆናል፤ የአሉሚኒየሙ ነው። ዚንክ ቢሆን ኖሮ ከ7 ግራም በላይ በሆነ ነበር። ሁለተኛው ፈተና ዋናውን ጥያቄ ይመልሳል። በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ጨው አሟሙቼ፣ በአንድ በኩል ከአዲሶቹ አኖዶች አንዱን፣ በሌላ በኩል ከአሮጌ ሞተር የወጣ የአሉሚኒየም ሽፋን ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ነከርሁና፣ በመካከላቸው ያለውን ቮልት በመልቲሜትር ለካሁ፤ 0.33 ቮልት አነበበ። በባሕር ውሃ ውስጥ፣ ከአንድ የጋራ መለኪያ ጋር ሲነጻጸሩ፣ የአሉሚኒየም አኖድ 1.1 ቮልት ያህል አሉታዊ ሲሆን የሞተር አሉሚኒየም ግን 0.75 ቮልት አካባቢ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የሚጠበቀውን ያህል ነው። ለማመሳከር ከመስኮት ክፈፍ የተቆረጠ ተራ አሉሚኒየም ብነክር መለኪያው ከ0.05 ቮልት በታች ቀረ። ስለዚህ የተሸጠልኝ ብረት የተባለው ዓይነት ነው ብዬ ለመመስከር እችላለሁ።

ለምን ዚንክ ሳይሆን አሉሚኒየም መረጥሁ ለሚል ሰው መልሱ በውሃው ላይ ነው። የቼሳፒክ ውሃ ጨዋማና ጣፋጭ (ጨው አልባ) ውሃ የተቀላቀለበት ነው፤ ከሰሜን የሳስኩሃና ወንዝ እየገባ ያቀጥነዋል፣ ከደቡብ በቨርጂንያ በኩል ውቅያኖሱ ያከብደዋል። እኔ በምነዳበት በአናፖሊስ አካባቢ በአንድ ሊትር ከ5 እስከ 15 ግራም የሚሆን ጨው ነው ያለው፤ ውቅያኖሱ 35 ግራም አለው። ዚንክ በውቅያኖስ ጥሩ ይሠራል፤ ውሃው ሲጣፍጥ ግን በላዩ ጠንካራ ነጭ ቅርፊት ያወጣና በሥራ ላይ ያለ መስሎ ይተኛል። አሉሚኒየም በሁለቱም ዓይነት ውሃ ይነቃል፤ በክብደቱም ከዚንክ 3 እጥፍ የሚበልጥ አገልግሎት ይሰጣል። ለሙሉ ጣፋጭ ውሃ የሚሆነው ደግሞ ማግኒዚየም ነው። ባሕር ዳር ላይ ወደ ዘጌና ወደ ጣና ገዳማት የሚመላለሱ ጀልባዎች ሞተር ላይ የዚንክ አኖድ ካለ፣ ጣና ጣፋጭ ውሃ ስለሆነ ያለ ሥራ የተንጠለጠለ ብረት ነው፤ ማግኒዚየሙን እዚህ ቼሳፒክ ላይ ብገጥም ግን ከአንድ ወቅት በፊት ባለቀ ነበር። በኤይላት ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጀልባ ያላችሁ ወገኖች ውሃችሁ በአንድ ሊትር 40 ግራም አካባቢ ጨው ስላለው ከእኔ በበለጠ ፍጥነት ይበላባችኋል፤ የመመሪያውን 5 ዓመት ሳትጠብቁ በየዓመቱ ብታዩት ይሻላል።

አሁን ወደ ሥራው። ይህ ክፍል ረጅም የሚሆነው ስለ አኖዱ ሳይሆን ስለ ብሎኑ ነው፤ አኖድ መለወጥ የሚባለው ሥራ ከ10 እጅ 9ኙ ብሎን መፍታት ነውና። የማይዝግ ብረት ብሎን በአሉሚኒየም ቀዳዳ ውስጥ ለ12 ዓመት ሲቀመጥ በመካከላቸው ነጭ ዱቄት ይሞላል፤ ዱቄቱ ከወጣበት ብረት የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ጥርሱን እንደ ሲሚንቶ ያሥረዋል። ብሎኖቹ 6 ሚሊሜትር ናቸው፤ ራሳቸው 10 ቁጥር ቁልፍ ይይዛል፤ ያን የሚያህል ቀጭን ብሎን በጉልበት ከጠመዘዙት መሰበሩ አይቀርም። ስለዚህ ዋዜማውን፣ ዓርብ ማታ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅዬ በ10ሩም ብሎኖች ሥር ሰርጎ የሚገባ ዘይት ረጨሁ። ቅዳሜ ጠዋት የእያንዳንዱን ራስ በትንሽ መዶሻ በቀስታ ደጋግሜ መታሁ፤ መምታቱ ዱቄቱን ያላላል። ከዚያ በሙቅ አየር መንፊያ በብሎኑ ዙሪያ ያለውን አሉሚኒየም አሞቅሁ፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከማይዝግ ብረቱ የበለጠ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ብሎኑን ይለቃል። ነበልባል ያለው መሣሪያ በቤንዚን አጠገብ እንዳትጠቀሙ፤ ይህን በመመሪያ አንብቤ ሳይሆን መርካቶ ሶማሌ ተራ ልጅ ሳለሁ አንድ ጋራዥ ውስጥ በዓይኔ ካየሁት ነው የምናገረው። በመጨረሻም ብሎኑን ለመፍታት ከመሞከሬ በፊት እጅግ ጥቂት አጥብቄው፣ ሲነቃነቅ ወደ መፍቻው አዞርሁት፤ ከዚያም ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያልሁ አወጣሁት።

8ቱ በዚህ መንገድ ወጡ። 9ኛው በብሎኩ ጎን፣ እጅ በማይገባበት ጠባብ ቦታ ያለው፣ ራሱ ተቆርጦ በእጄ ቀረ። ደግነቱ ሽፋኑ ሲነሳ የብሎኑ ጉቶ 5 ሚሊሜትር ያህል ከአካሉ ወጣ ብሎ ተገኘ፤ 3 ጊዜ እያሞቅሁና እያቀዘቀዝሁ፣ ነክሶ በሚይዝ ፒንሳ ይዤ ከ40 ደቂቃ በኋላ አወጣሁት። ከአካሉ እኩል ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ በትራፓኖ መብሳት ግድ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያው እሄድ ነበር እንጂ ራሴ አልሞክረውም ነበር። 10ኛው በቀላሉ ወጣ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ቀዳዳዎቹን በ6 ሚሊሜትር ማስኪዮ (ጥርስ ማውጫ) አጸዳሁ።

ከውስጥ የወጡት አሮጌ አኖዶች እያንዳንዳቸው የተለያየ ታሪክ ነበራቸው። በቴርሞስታቱ ሥር የነበረው ፈጽሞ የለም፤ ሽፋኑ ላይ የቀረው ብሎኑና ጥቂት ግራጫ ጭቃ ብቻ ነው፤ በዙሪያው ባለው አሉሚኒየም ላይም የምስር ቅንጣት የሚያህሉ ጉድጓዶች መቆፈር ጀምረዋል። በቴስታታው ላይ የነበሩት ሁለቱ ከሩብ በታች ቀርተዋል፤ አንደኛው አብጦ ስለ ተሰነጠቀ ከቦታው ሲወጣ ተፈረካከሰ፣ ፍርፋሪውንም በቫኪዩም ጠርጌ አወጣሁ፤ እንዲህ ያለው ፍርፋሪ ሄዶ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ከተቀመጠ ሞተሩ ይሞቃል። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በብሎኩ ጎን ከነበሩት አንዱ ነው፤ አዲስ ሊባል ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ላይ በመልቲሜትር በአኖዱና በሽፋኑ መካከል ስለካ ግን ግንኙነቱ ተቋርጧል፤ ትንሹ ብሎን በዱቄት ተከብቦ አኖዱን ከሞተሩ አካል ለይቶታል። ያልተበላ አኖድ ካያችሁ ሞተራችሁ ጤነኛ ነው ብላችሁ አትደሰቱ፤ ያ አኖድ ከሥራ የተገለለ ነው።

መግጠሙ አጭር ነው። ሽፋኖቹን በሽቦ ብሩሽ፣ አኖዱ የሚያርፍበትንም ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ አጸዳሁ፤ በዚያ ቦታ ቀለምም ግራሶም መግባት የለበትም፤ ብረት ከብረት ካልተነካካ አኖዱ ያው እንደዚያኛው ይተኛል። ከገጠምሁ በኋላ እያንዳንዱን በመልቲሜትር ከሞተሩ አካል ጋር ለካሁ፤ ሁሉም ከ1 ኦም በታች አነበቡ። የባሕር ግራሶ የቀባሁት በሽፋኑ ብሎኖች ጥርስና በጎማው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ብሎኖቹን የጥብቀት ኃይል በሚለካ ቁልፍ፣ የእኔ ሞተር መመሪያ እንደሚያዘው፣ በ8 ኒውተን ሜትር አጠበቅሁ፤ ያ በእጅ ሲያዝ እጅግ ትንሽ ይመስላል፣ ሰው ብሎን የሚሰብረውም ያንን ትንሽነት ባለማመን ነው።

ችግሩ የመጣው ሞተሩን በጓሮዬ በቧንቧ ውሃ አስነስቼ በማሞቅ ላይ ሳለሁ ነው። ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የሚወረወረው የመቆጣጠሪያ ውሃ ጥሩ ነበር፤ ሙቀቱም ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከ10 ደቂቃ በኋላ በቴስታታው ካሉት ሽፋኖች በአንዱ ሥር ውሃ ማላብ ጀመረ። አጠፋሁ፣ ፈታሁ፣ አየሁ። የስብስቡ ጎማ ከአሮጌው ይልቅ በውፍረቱ ያነሰና ሲጫኑት ቶሎ የማይመለስ ነው፤ በመለኪያ ካሊፐር ብለካው ከ5ቱ 2ቱ ከሌሎቹ 0.4 ሚሊሜትር የቀጠኑ ሆነው ተገኙ። የሚያልበው ውሃ ጨዋማ በሚሆንበት ጊዜ በኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ላይ የሚያደርሰውን መገመት አያስቸግርም። ከአምራቹ ወኪል 5 ጎማዎች በተናጠል በ19 ዶላር ገዝቼ ሁሉንም ለወጥሁ፤ ማላቡም በዚያው ቀረ። የስብስቡ እውነተኛ ዋጋ እንግዲህ 62 ሳይሆን 81 ዶላር ነው፤ አንድ ተጨማሪ ቅዳሜም ሄዶበታል።

ከመጋቢት እስከ ኅዳር ሞተሩ 64 ሰዓት ሠርቷል፤ ብዙው ጊዜ ሮክፊሽ የሚባለውን ዓሣ ፍለጋ ከቼሳፒክ ድልድይ በታችና በላይ፣ ጥቂቱም እዚያው ሜሪላንድ ወዳለችው ሶሎመንስ ደሴት ደርሶ በመመለስ ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ አጥቤዋለሁ። ኅዳር ላይ ስፈታው ብሎኖቹ ያለ አንዳች ትግል ወጡ፤ በመጋቢት የተቀባው ግራሶ በቦታው ነበረ። አኖዶቹ ሲገቡ እያንዳንዳቸው 21 ግራም ነበሩ። በብሎኩ ጎን ያሉት ሁለቱ ወደ 18.5 ግራም፣ በቴስታታው ያሉት ወደ 17.5፣ በቴርሞስታቱ ሥር ያለው ደግሞ ወደ 15 ግራም ወርደዋል። ገጻቸው በእኩልነት የተበላ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ፣ ቅርፊት ያልያዘ ነው፤ አንዱም በአንድ በኩል ብቻ አልተቆፈረም። በአሮጌው አኖድ ዙሪያ የጀመሩት ጉድጓዶች አልሰፉም፤ በመጋቢት ያነሣሁትን ፎቶግራፍ አጠገቡ አድርጌ አይቼዋለሁ። በዚህ አካሄድ የቴርሞስታቱ አኖድ በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ ስለሚያልቅ እርሱን ብቻ እለውጠዋለሁ፤ የቀሩት 2 ወቅት ሊቆዩ ይችላሉ። የመመሪያው 5 ዓመት ለእኔ ውሃና ለእኔ ሞተር የተመቸ ቁጥር አይደለም ማለት ነው።

ስለ ስብስቡ ብሎኖች አንድ ነገር ማለት ይቀረኛል። ማግኔት አይስባቸውም፣ አልዛጉም፤ ርዝመታቸው ግን ከመጀመሪያዎቹ 2 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በ8 ኒውተን ሜትር ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ለሚያጠብቅ ሰው ግን ጥርስ ሊበሉበት ይችላሉ። እኔ በቴስታታው ላይ ካሉት መካከል ጤነኛ የነበሩትን 4 አሮጌ ብሎኖች አጽድቼ መልሼ ተጠቅሜባቸዋለሁ።

ለአኖዱ ብረት ከ5 ኮከብ 5፣ ለብሎኖቹ 3፣ ለጎማዎቹ 1 እሰጣለሁ። ሽፋኖችዎ ጤነኛ ከሆኑ፣ መልቲሜትርና ትዕግሥት ካለዎት፣ አኖዱን ከዚህ፣ ጎማውን ከአምራቹ ወኪል መግዛት ከሁሉ የሚረክስ መንገድ ነው። ሽፋኖቹ ከተቆፈሩ ወይም አንድም ብሎን ከአካሉ እኩል ተቆርጦ ያስቸገረዎት ከሆነ የአምራቹን ሙሉ ስብስብ ይግዙ፤ የ47 ዶላሩ ልዩነት ለሁለተኛ ቅዳሜዎ አይበዛበትም። ስለ ጎማው ለሻጩ ከነልኬቱና ከነፎቶው ጽፌለት ነበር፤ በ4 ቀን ውስጥ በትሕትና መልሶልኝ፣ ያለ ክፍያ 2 አዳዲስ ጎማዎች በፖስታ ላከልኝ። ለካኋቸው፤ ሁለቱም ከቀጭኖቹ ጋር እኩል ናቸው።